ይሉኝታን መነሻው ላይ ትታችሁ ሂዱ፦ የቡድን አድቬንቸር ሬስ ከዝግጅት እስከ ፍጻሜ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። አራታችንም አንድ መገንጠያ ላይ ቆመናል። ጭጋጉ የግንባር መብራታችንን መልሶ ዓይናችን ላይ ያበራብናል። ካርታ ያዣችን ጎንበስ ብሎ አየና "በግራ ነው" አለ። ሄድን። ከ40 ደቂቃ በኋላ መንገዱ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ይሄኔ ከኋላ የነበረችው ጓደኛችን ቀስ ብላ "እኔ እኮ ቅድም የጅረቱ ድምፅ በቀኛችን መሆን ያለበት መስሎኝ ነበር" አለች። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? "እሱ ካርታውን ይዞ እያለ እኔ ምን አውቃለሁ ብዬ ነዋ።"

ወደ መገንጠያው ለመመለስ ሌላ 40 ደቂቃ ፈጀብን። ጅረቱ በእርግጥም በቀኝ ነበር።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። በዚህ ስፖርት ግን ቡድን የሚጥለው ዝምታ ነው። እግሬ አመመኝ፣ በረደኝ፣ ራበኝ፣ መንገዱ አልመሰለኝም፤ እነዚህን አራት ነገሮች በጊዜ የሚናገር ቡድን ከእሱ የበለጠ ጉልበት ያለውን ቡድን ጥሎ ሲያልፍ ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለ መሣሪያም ስለ ልምምድም አወራለሁ፤ ግን ሁሉም ዞሮ ዞሮ እዚሁ ነገር ላይ ይመጣል።

መጀመሪያ ጨዋታውን እወቁት

አድቬንቸር ሬስ በእግር፣ በተራራ ብስክሌት፣ በካያክ (ጠባብ የቀዘፋ ጀልባ) ወይም በታንኳ፣ አንዳንዴም በገመድ ገደል እየወረዱ የሚካሄድ ውድድር ነው። ምልክት የተደረገበት መንገድ የለም። ካርታ ይሰጣችኋል። ካርታው ላይ ቼክ ፖይንቶች፣ ማለትም የግድ ልትደርሱባቸው የሚገቡ ቦታዎች፣ አሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደምትሄዱ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ጂፒኤስ አብዛኛውን ጊዜ ክልክል ነው፤ ስልካችሁም ታሽጎ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጣል። ሰዓቱ ቀንም ሌሊትም አይቆምም። ተኝታችሁም ይቆጥራል።

ስፖርቱ አሁን ያለውን መልክ የያዘው በ1980ዎቹ ኒውዚላንድ ውስጥ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1983 ኮስት ቱ ኮስት የሚባለው ውድድር ተጀመረ። በ1989 ደግሞ ፈረንሳዊው ዤራር ፉዚል ቀናት የሚፈጀውን ሬድ ጎሏዝ እዚያው ኒውዚላንድ አስጀመረ። ኢኮ ቻሌንጅ በ1995 አሜሪካ፣ ዩታ ላይ ተከተለ። በ2019 ፊጂ ላይ በተካሄደው ኢኮ ቻሌንጅ 66 ቡድኖች 671 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ተነስተዋል።

ሁለት ሕጎችን ከአሁኑ ያዙ። በትልልቆቹ ውድድሮች የተለመደው ቡድን ወንድም ሴትም ያሉበት አራት ሰው ነው። አባላቱ መራራቅ አይችሉም፤ ገደቡ ብዙ ጊዜ 100 ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። በአብዛኞቹ ውድድሮች አንድ ሰው ካቋረጠ የቀሩት ሦስቱ ቢጨርሱም ደረጃ አያገኙም። ስለዚህ የቡድኑ ፍጥነት የሚለካው በጣም በደከመው ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ በየሰዓቱ ይቀያየራል። ጠዋት ሲጎትታችሁ የነበረው ጎበዝ ማታ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ።

ቡድን ስትመርጡ

ብዙ ሰው ፈጣን ሯጭ ይፈልጋል። እኔ የምፈልገው ሲርበው የማይጮህ ሰው ነው። ጉልበት በስድስት ወር ይገነባል፤ ጠባይ ግን በስድስት ወር አይቀየርም።

ከመመዝገባችሁ በፊት አብራችሁ አንድ ሙሉ ሌሊት ተጓዙ። ዝናብ ቢኖርበት ደግሞ የተሻለ። አንድ ሰው ሲደክመው ምን ይሆናል? ዝም ይላል? ይነጫነጫል? ወደፊት ጥሎ ይሄዳል? ይሄን ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጣችሁ አታውቁትም።

ከዚያ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ አንድ ጥያቄ መልሱ፦ የመጣነው ለምንድነው? ሁለቱ ለማሸነፍ፣ ሁለቱ ደግሞ በሰላም ለመጨረስ ከመጡ ጠቡ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ይነሳል። ሁለቱም ዓላማ ጥሩ ነው፤ ግን አንዱን ምረጡ።

የሥራ ድርሻም ተካፈሉ። አንድ ካርታ ያዥ፣ እሱን የሚከታተል ሁለተኛ ካርታ አንባቢ፣ ሰዓትና ምግብ የሚቆጣጠር አንድ ሰው፣ ብስክሌትና ዕቃ የሚያውቅ አንድ ሰው። ካፒቴኑ ካርታ ያዡ ባይሆን ይሻላል። ካርታ ያዥ ዓይኑ ወረቀት ላይ ነው፤ የሰው ፊት የሚያይ ሌላ ሰው ያስፈልጋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገቡ ከሆነ ከ6 እስከ 12 ሰዓት የሚፈጅ ውድድር ይበቃችኋል። ቀጥሎ የ24 ሰዓቱን ሞክሩ። ቀናት የሚፈጀውን ከዚያ በኋላ አስቡት።

ልምምድ

ሳምንታዊ ፕሮግራም አልደረድርላችሁም፤ የእያንዳንዱ ሰው መነሻ ይለያያል። አራት ነገሮች ግን አይቅሩባችሁ።

ረጅምና ቀስ ያለ ልምምድ የሁሉም መሠረት ነው። እያወራችሁ መሄድ የምትችሉበት ፍጥነት ይሁን። ሁለተኛ፣ ዓይነቶቹን አያይዙ፦ ሦስት ሰዓት ብስክሌት ነድታችሁ ወዲያው ሁለት ሰዓት ዳገት ውጡ። እግራችሁ ከፔዳል ወደ መሬት ሲቀየር የሚሰማውን ድንዛዜ መልመድ አለበት። ሦስተኛ፣ በውድድሩ ቀን የምትሸከሙትን ቦርሳ ከነክብደቱ ተሸከሙ። አራተኛ፣ በጨለማ ተለማመዱ። ቀን የምታውቁት መንገድ ሌሊት ሌላ መንገድ ነው።

ለካያክ ደግሞ የሚያውቅ ሰው ያሳያችሁ። ጀማሪ በክንዱ ብቻ ይቀዝፋል፤ ክንዱም ቶሎ ይዝላል። ጉልበቱ የሚመጣው ወገብንና ትከሻን ከማዞር ነው። ጀልባ ሲገለበጥ ምን እንደምታደርጉም ተለማመዱ። ኃይለኛ ወራጅ ውሃ ውስጥ ከወደቃችሁ በጀርባችሁ ተንሳፈፉ፣ እግራችሁን ወደ ውሃው መሄጃ ዘርጉ፣ ለመቆም አትሞክሩ። እግር ድንጋይ ሥር ከተቀረቀረ ውሃው ሰውን ገፍቶ ይደፋል። ላይፍ ጃኬት ጀልባ ላይ እስካላችሁ ድረስ አይፈታም።

ካርታና ኮምፓስ

ሰዓት የሚተርፈውም የሚባክነውም እዚህ ነው። አንድ ስህተት የሁለት ወር ሩጫችሁን ይበላዋል።

ከመለኪያው ጀምሩ። 1፡50,000 ካርታ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ማለት መሬት ላይ 500 ሜትር ነው። ቀጥሎ ኮንቱር መስመሮችን፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙትን መስመሮች፣ አንብቡ። ተጠጋግተው ካያችሁ ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ከተራራቁ ገር ነው። ሸንተረሩን፣ ሸለቆውን፣ በሁለት ጉብታ መካከል ያለውን ዝቅታ በጣታችሁ እየተከተላችሁ መሬቱ በዓይነ ኅሊናችሁ እስኪነሳ ድረስ ተለማመዱ።

ሰዓት ለመገመት ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ናይስሚዝ በ1892 ያወጣው ቀመር ዛሬም ይሠራል፦ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ተጨማሪ 1 ሰዓት። ለምሳሌ 10 ኪሎ ሜትር ከ600 ሜትር አቀበት ጋር 3 ሰዓት ይሆናል። መንገድ የሌለው ጫካ ከሆነ ወይም ከጨለመ ጊዜውን እጥፍ አድርጋችሁ አስቡት።

ኮምፓሱ የሚያሳየው ሰሜንና የካርታው ሰሜን አንድ አይደሉም። ልዩነቱ ካርታው ጠርዝ ላይ ይጻፋል፤ ሳትነሱ አስተካክሉት። 1 ዲግሪ ስህተት በ1 ኪሎ ሜትር ላይ 17 ሜትር ያህል ያሳስታል። 10 ዲግሪ ከሆነ 170 ሜትር አለፈ ማለት ነው፤ በሌሊት ቼክ ፖይንቱን ሳታዩት ታልፋላችሁ። ኮምፓስ ስታነቡ ስልክና ብረት ይራቅ።

ርቀት በእርምጃ ይለካል። 100 ሜትር ለኩና ግራ እግራችሁ ስንት ጊዜ መሬት እንደሚነካ ቁጠሩ። ብዙ ሰው ሜዳ ላይ ከ60 እስከ 70 መካከል ይወጣለታል። ዳገትና ሌሊት ቁጥሩን ይጨምሩታል፤ የራሳችሁን እወቁ።

አንድ የምወዳት ዘዴ አለች። ወንዝ ላይ ያለ ድልድይ ፈልጋችሁ እየሄዳችሁ ነው እንበል። በቀጥታ ወደ ድልድዩ ብታቀኑና ወንዙ ጋ ስትደርሱ ድልድዩን ብታጡት፣ ወደ ግራ ወይስ ወደ ቀኝ? አታውቁም። ስለዚህ ሆን ብላችሁ ትንሽ ወደ ግራ አዘንብሉ። ወንዙን ስታገኙ ያለ ጥርጥር ወደ ቀኝ ትታጠፋላችሁ።

አሁን ወደ መገንጠያው ሌሊት ልመልሳችሁ። ከዚያ በኋላ ቡድናችን አንድ ልማድ አወጣ። ከእያንዳንዱ ቼክ ፖይንት ስንነሳ ካርታ ያዡ ጮክ ብሎ አራት ነገር ይናገራል፦ ወዴት እንደምንሄድ፣ ስንት ርቀት እንደሆነ፣ በመንገድ ምን እንደምናይ፣ ምን ካየን እንዳለፍነው እንደምናውቅ። "ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ 1.5 ኪሎ ሜትር፣ ጅረቱ በቀኛችን ይሆናል፣ ሰፊ የመኪና መንገድ ካገኘን አልፈነዋል።" በቃ። 15 ሰከንድ ነው። ይሄን የሰሙ ሦስት ሰዎች ሦስት ተጨማሪ ዓይን ናቸው። ከዚህ ሌላ ሁለት ደንብ አለን፦ ማንም ሰው "ቁም" ማለት ይችላል። ቁም ያለው ሰው ተሳስቶ ከተገኘ ማንም ቃል አይናገረውም። ሁለተኛዋ ነጥብ ከመጀመሪያዋ ትበልጣለች፤ አንዴ የተኮረፈበት ሰው ደግሞ አፉን አይከፍትም።

ከጠፋችሁ ወደፊት አትሩጡ። ቁጭ በሉ፣ ውሃ ጠጡ፣ "መጨረሻ ላይ እርግጠኛ የሆንንበት ቦታ የቱ ነው?" ተባባሉ። ወደዚያ ተመለሱ። የመመለሱ ጊዜ ያናድዳል፤ በግምት ከመዞር ግን ሁሌም ያጥራል።

ዕቃ

አዘጋጆቹ የግዴታ ዕቃ ዝርዝር ይልካሉ። የግንባር መብራት ከነትርፍ ባትሪው፣ ኮምፓስ፣ ፊሽካ፣ ውሃ የማያስገባ ጃኬት፣ ሙቀት የሚይዝ ልብስ፣ የአደጋ ጊዜ መጠለያ ከረጢት፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ዕቃ፣ ሄልሜትና ላይፍ ጃኬት አይቀሩም። አንዱ ከጎደለ ጊዜ ይቀጣችኋል ወይም ከውድድሩ ትባረራላችሁ። ክብደት ለመቀነስ ሲባል ሙቅ ልብስ የሚቀንስ ሰው አይቻለሁ። አታድርጉት። አዲስ ጫማም ለውድድር ቀን አይሆንም።

ለብስክሌቱ ከመነዳሪ፣ ፓምፕ፣ የሰንሰለት መፍቻና መጋጠሚያ ያዙ። አራታችሁም አንድ ዓይነት የጎማ መጠን ከተጠቀማችሁ ትርፍ ከመነዳሪውን ትጋራላችሁ። ከመነዳሪ መቀየርን መብራት አጥፍታችሁ፣ በጣታችሁ ዳሰሳ ብቻ ተለማመዱ። ጎማው የሚተነፍሰው እንዲህ ያለ ሰዓት ነው።

ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው፣ ለምሳሌ ከብስክሌት ወደ ካያክ፣ የሚቀየርበት ጣቢያ ላይ ደግሞ ሰዓት በዝምታ ይፈሳል። ከመድረሳችሁ 10 ደቂቃ ቀድማችሁ ማን ምን እንደሚሠራ ተነጋገሩ። ዕቃችሁን በቀለም በተለያዩ ከረጢቶች ለዩ። ወንበር ካያችሁ አትቀመጡ።

ምግብና ውሃ

በሰዓት ከ200 እስከ 300 ካሎሪ ለብዙ ሰው ጥሩ መነሻ ነው። ሰዓታችሁን በየ30 ደቂቃው እንዲጮህ አድርጉና ሲጮህ ሁላችሁም ብሉ። "አልራበኝም" ተቀባይነት የለውም። ጣፋጭ ብቻ አትያዙ፤ ከስምንት ሰዓት ጉዞ በኋላ አፍ ጣፋጭን ይጠላል። ጨው ያለው ድንች፣ ዳቦ፣ አይብ፣ ለውዝ ያኔ ነፍስ ይዘራል። ጨዋታ የሚወድ ጓደኛችሁ ድንገት ዝም ካለ ምን ሆንክ ብላችሁ አትመርምሩት። መጀመሪያ አብሉት።

ውሃ ሲጠማችሁ ጠጡ። ያለ ልክ ንጹህ ውሃ ብቻ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ጨው አቅጥኖ ሰውን ለከፋ አደጋ ይዳርጋል። የወንዝ ውሃ ካከማችሁ የማከሚያውን እንክብል መመሪያ ተከተሉ፤ ብዙዎቹ 30 ደቂቃ ይፈልጋሉ።

የወንዝ ውሃን ነገር ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። በ2000 ማሌዥያ፣ ሳባህ ውስጥ በተካሄደው ኢኮ ቻሌንጅ 304 ተወዳዳሪዎች ነበሩ። ከውድድሩ በኋላ ብዙዎች ትኩሳት ያዛቸው። ተመራማሪዎች 189ኙን አግኝተው ሲጠይቁ 80ዎቹ የሌፕቶስፓይሮሲስ ምልክት ነበራቸው። ይህ በእንስሳት ሽንት በተበከለ ውሃ የሚመጣ በሽታ ነው። በሽታው ውድድሩ ካለፈበት ከሰጋማ ወንዝ ጋር ተያይዟል። ስለዚህ ቁስል ሸፍኑ፣ ስትቀዝፉ ውሃ አትዋጡ። ከውድድር በኋላ ትኩሳት ከያዛችሁ የት እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

እግር

በአንድ ውድድር ወንዝ ከተሻገርን በኋላ ካልሲዬ ውስጥ አሸዋ ገባ። ተረከዜ ላይ እንደ ክብሪት ጫፍ የምታህል ቦታ ትሞቀኝ ጀመር። ለአንዲት አሸዋ ብዬ ሦስት ሰው አላስቆምም አልኩ። ጓደኞቼን ያከበርኩ መስሎኝ ነበር። ሲነጋ ጫማዬን ሳወልቅ ካልሲው ከቆዳው ጋር ተያይዞ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን 22 ኪሎ ሜትር ቦርሳዬን እየተፈራረቁ የተሸከሙት እነሱ ናቸው። ማታ ብናገር ኖሮ ሁለት ደቂቃ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለካ ለእግርም ነው።

ስለዚህ ሥርዓቱ ይሄ ነው። ጥፍራችሁን ከቀናት በፊት ቁረጡ። የሚፋተግባችሁን ቦታ ቀድማችሁ ፕላስተር አድርጉ፤ ሌላውን ቫዝሊን ቀቡ። ቆዳ ሲሞቃችሁ ያኔውኑ ተናገሩ፣ ቁሙ፣ አሸዋውን አራግፉ፣ ፕላስተር ለጥፉ። ውሃ ከቋጠረና መራመድ ከከለከላችሁ በጸዳ መርፌ ጠርዙን ብሱት፣ ውሃውን አውጡ፣ ቆዳውን ግን አትላጡት፤ አጽድታችሁ ሸፍኑት። በምታርፉበት ጊዜ ሁሉ ካልሲ አውልቃችሁ እግራችሁን አናፍሱ። ረጥቦ ለቀናት የቆየ እግር ይነጣል፣ ይሸበሸባል፣ ይሰነጠቃል።

መጎተትና "ሳበኝ" ማለት

ጠንካራው ደካማውን በላስቲክ ገመድ ይጎትታል። በብስክሌትም በእግርም ይፈቀዳል፤ የውድድራችሁን ሕግ ግን አረጋግጡ። አስቸጋሪው ገመዱን ማሰር አይደለም። "ሳበኝ" ማለት ነው። ስለዚህ ገመዱን ገና ትኩስ ሳላችሁ፣ በመጀመሪያው ዳገት ላይ ተጠቀሙበት። ሁሉም ሰው አንዴ ይጎተት። ከዚያ በኋላ የማንም ውርደት አይሆንም። ቦርሳም እንደዚያው። ከደከመው ሰው ላይ 3 ኪሎ ስታነሱ ቡድኑ በሙሉ ይፈጥናል።

ሌሊት፣ እንቅልፍና ብርድ

እስከ 24 ሰዓት ያለ እንቅልፍ ይቻላል። ከዚያ ካለፈ መተኛታችሁን በእቅድ አስገቡ። ሙሉ የእንቅልፍ ዙር 90 ደቂቃ ያህል ነው፤ እሱ ካልተገኘ 20 ደቂቃም ሰው ታደርጋለች። ማንቂያ በሁለት ሰው ሰዓት ላይ ይሞላ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ዛፉ ሰው መስሎ ይታየዋል፣ ድንጋዩ ይንቀሳቀስበታል። የተለመደ ነው፤ ብቻ ይናገር። እያንቀላፉ በብስክሌት ቁልቁለት መውረድ ግን ሰው ይገድላል። ከቁልቁለቱ በፊት ተኙ።

ብርድን ከዚህ ሁሉ በላይ ፍሩ። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሰው የራሱን ሁኔታ ላያስተውል ይችላል። ምልክቱን የምታዩት እናንተ ናችሁ፦ ይደነቃቀፋል፣ ቃል ይጎትታል፣ ዚፑን መዝጋት ያቅተዋል፣ ይነጫነጫል። ወዲያው ቁሙ። እርጥቡን ልብስ አውልቁለት፣ ደረቅ አልብሱት፣ ከነፋስ ከልሉት፣ ስኳር ያለው ነገር ስጡት፣ መጠለያ ከረጢት ውስጥ አብራችሁት ግቡ። እየበረደው መንቀጥቀጡን ካቆመ ነገሩ ከፍቷል። በተሰጣችሁ መከታተያ መሣሪያ ላይ ያለውን የአደጋ ጊዜ ቁልፍ ተጫኑ። ፊሽካም አለ፤ በተራራ ላይ የተለመደው የጭንቅ ጥሪ በደቂቃ ውስጥ 6 ፉጨት፣ ከዚያ የ1 ደቂቃ ዕረፍት ነው።

ስለ ቡድን ሳስብ የ2014ቱ የኢኳዶር ውድድር ይመጣብኛል። ስዊድናዊው ሚካኤል ሊንድኖርድ ለአንድ ቁስለኛ የጎዳና ውሻ ከምግቡ ቆርሶ ሰጠው። ውሻው ጭቃና ጫካውን ሁሉ ተከተላቸው። ካያክ ላይ ሲሳፈሩ ውሃ ውስጥ ገብቶ ከኋላቸው ዋኘ። አንስተው ጀልባው ላይ ጫኑት። አርተር ብለውት እስከ መጨረሻው አብሯቸው ሄደ።

ከጨረሳችሁ በኋላ

የመጨረሻውን መስመር አራታችሁም አንድ ላይ እለፉ። ብሉ፣ ተኙ። በዚያው ቀን መኪና አትንዱ።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ንዴቱም ደስታውም ሲበርድ፣ ተገናኙና በየተራ አንድ ጥያቄ መልሱ፦ "ሳትናገር ያለፍከው ነገር ምን ነበር?" እኛ ከመገንጠያው ሌሊት በኋላ በተቀመጥን ጊዜ ያቺ ጓደኛችን ሁለት ተጨማሪ ነገር ነገረችን። አንደኛው፣ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ጣቶቿ ደንዝዘው ምግብ መክፈት አቅቷት ነበር። ሁለተኛው፣ በጣም ፈጥነን ነበር። ማናችንም አላየንም። በሚቀጥለው ውድድር ሁለተኛ ካርታ አንባቢ እሷ ሆነች። አሁን የካርታ መያዣችን ጀርባ ላይ በእሷ እጅ የተጻፈ ፕላስተር አለ፦ "ጅረቱ በየት በኩል ነው?"